የልብን ደም ሥር በብርሃን ማየት፦ የለጠፍኩት ጥያቄና የተከተሉት 26 መልሶች

እሁድ ማታ ነው የለጠፍኩት። ሦስት ሌሊት ሆስፒታል ወንበር ላይ አድሬ ራሴ ዞሯል። እንዲህ ባለ ሰዓት የኢንተርኔት መድረክ ላይ መጻፍ ጥሩ አይደለም። ርዕሱን ያወጣሁት «ለምን ደበቁን?» ብዬ ነው። አሁን ሳየው ያሳፍረኛል። ግን ያ ርዕስ ባይሆን ይሄን ሁሉ ሰው አይሰበስብም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ላይ ሌሊት ይሠራሉ። 58 ዓመታቸው ነው። ሐሙስ ሌሊት ሥራ ላይ እያሉ ደረታቸውን ጭንቅ አድርጎ ያዛቸው፤ ላብ በላብ ሆኑ። አምቡላንስ ወሰዳቸው። የልብ ሐኪሙ በእጅ አንጓቸው ካቴተር የሚሉትን ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ቀለም ረጨና በኤክስሬይ አየ። ጠበብ ያለ ቦታ አለ፤ ግን ሰው የሚጥል አይመስልም። ከዚያ ሌላ ቀጭን ገመድ አስገባ፣ ጫፉ ላይ ብርሃን ያለው። ገመዱ ወደ ኋላ ሲጎተት ግድግዳው ላይ የተቀደደ ቦታና የረጋ ደም ታየ። ስቴንት፣ ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ፣ ገባላቸው። በዚያው ብርሃን ድጋሚ ሲታይ የስቴንቱ አንዱ ጫፍ ከግድግዳው ጋር አልገጠመም። በፊኛ ነፍተው አስተካከሉት።

ጠዋት ሐኪሙ ምስሉን አሳየን። ክብ ነው። ቀለሙ ቡናማ ወርቃማ፣ መሃሉ ጥቁር ቀዳዳ። ከስቴንቱ በፊት በተነሳው ምስል ላይ፣ በስተቀኝ ወደ ታች፣ ከግድግዳው የተገነጠለች ስስ ቆዳ የምትመስል ነገር ተንጠልጥላለች። ከኋላዋ ትንሽ ጉድጓድ አለ። ጋሼን ልታስቀር የነበረችው እሷ ናት። ምስሉ በወረቀት እንዲታተምላቸው ጠየቁ። አይጥ የበላው ድፎ ዳቦ ይመስላል አሉና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

እኔ ታዲያ ምን ብዬ ጻፍኩ? ስንት ዓመት ሙሉ የኤክስሬይ ጥላ ሲያዩ ኖረው ልባችን ደህና ነው ይሉናል አልኩ። ግድግዳውን የሚያሳይ ብርሃን እያለ 50 ዓመት ያለፈው ሰው ሁሉ ለምን አይታይበትም አልኩ። ለድሃና ለስደተኛ አይነግሩም ብዬም ጨመርኩ። ለዚህ የመጨረሻው አንድም ማስረጃ አልነበረኝም።

1ኛው መልስ በሦስት ደቂቃ መጣ። እንኳን እግዜር አተረፋቸው የሚል ነው፤ ጥያቄዬን አልነካውም። 2ኛውም እንደዚያው፤ ግን ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነ ጠየቀኝ። ያጨሱ ነበር። አልመለስኩለትም።

ወሬውን መስመር ያስያዘችው 3ኛዋ ናት። ቨርጂኒያ ውስጥ ካቴተር የሚሠራበት ክፍል ነርስ ናት። በጨዋ ደንብ፣ ወንድሜ እያለች፣ ማንም ምንም እንዳልደበቀኝ አስረዳች። አንጂዮግራም፣ ያ በቀለምና በኤክስሬይ የሚታየው፣ የሚያሳየው ቀለሙ የሚፈስበትን መንገድ ነው፤ ውሃውን እንጂ የቦዩን ግድግዳ አያሳይም። ግድግዳው ውስጥ ቅባት ሲጠራቀም ደግሞ ደም ሥሩ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይሰፋል። መተላለፊያው ሳይጠብ በሽታው ውስጥ ለውስጥ ያድጋል። ስለዚህ ጥላው ደህና መስሎ ግድግዳው የታመመ ሊሆን ይችላል። ግን ያን ጥላ አትናቀው አለችኝ። የልብን ደም ሥር ለይቶ ቀለም መርጨት የተጀመረው በ1958 ክሊቭላንድ ውስጥ፣ በስህተት ነው። ሜሰን ሶንስ የተባለው ሐኪም ሌላ ቦታ ሊረጭ ሲል ካቴተሩ ሾልኮ የሕመምተኛው የልብ ደም ሥር ውስጥ ገባና ቀለሙ እዚያ ፈሰሰ። የሰውየው ልብ ቆመ። እንዲያስል ጮኸበት፤ ሲያስል ልቡ ተነሳ። እስከዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በዚያ ጥላ ታክሟል።

4ኛው ቦስተን የሚማር ልጅ ነው። ኩራቱ ከጽሑፉ ይታያል፤ ነገሩ የተወለደው በነሱ ሰፈር ነዋ። ኦፕቲካል ኮሄረንስ ቶሞግራፊ ይባላል፣ ባጭሩ ኦሲቲ። ኤምአይቲ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጄምስ ፉጂሞቶ፣ የሱ ተማሪ የነበረው ዴቪድ ሁዋንግና ኤሪክ ስዋንሰን ከሌሎች ጋር ሠርተው በ1991 ሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡት። ሦስቱ በ2023 ላስከር የሚባለውን ትልቅ የሕክምና ምርምር ሽልማት ወስደዋል። አሠራሩን ሲያስረዳ እኔም ገባኝ። እንደ አልትራሳውንድ ነው፣ በድምፅ ፋንታ ብርሃን ይላካል። ድምፅ ሄዶ እስኪመለስ ሰዓት ይያዝለታል። ብርሃን ግን በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ እንዲህ ባለች አጭር ርቀት የትኛውም ሰዓት አይደርስበትም። ስለዚህ ለሁለት ይከፍሉታል። ግማሹ ወደ ደም ሥሩ ይሄዳል፣ ግማሹ ርቀቱ ወደታወቀ መስታወት። ተመልሰው ሲገናኙ ሞገዶቹ እንዴት እንደተደራረቡ ያያሉ። ከዚያ ብርሃኑ ከየትኛው ጥልቀት እንደተመለሰ ይታወቃል። ከ10 እስከ 20 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የምታህል ነገር ይለያል። እንደዚሁ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው አልትራሳውንድ 100 እና ከዚያ በላይ ነው የሚፈልገው።

5ኛው መልስ 1991 ስንል በየትኛው አቆጣጠር ነው የሚል ነው። ሳቅኩ፣ ግን ጥያቄው ልክ ነው። ጽሑፉ የወጣው ኅዳር 1984 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ከወደቀ ስድስት ወር ገደማ ሲሆን። (እዚህም የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

6ኛው ሸምገል ያለ ሰው ይመስለኛል፣ አጻጻፉ እንደ ደብዳቤ ነው። 4ኛውን አላስከፋውም፤ አንድ ነገር ብቻ አረመው። በ1991 የታየው ከሬሳ የተወሰደ የዓይን ጀርባና የልብ ደም ሥር ነበር። በሕያው ሰው ልብ ውስጥ የገባው በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ እዚያው ቦስተን፣ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ነው። የድሮው መሣሪያ ቀርፋፋ ስለነበር በፊኛ ደሙን ገታ እያደረጉ ነበር የሚያዩት። በዓይን ሕክምና ግን ቶሎ ገባ። ዓይን ብርሃን ያስገባል፤ ልብ አያስገባም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው።

7ኛው መጣና ሰላሙን በተነው። ከአዲስ አበባ ነው። እናንተ እዚያ ሆናችሁ በብርሃን ነው በድምፅ እያላችሁ ታማርጣላችሁ፣ እዚህ ሰው ለኤኮ፣ ለልብ አልትራሳውንድ፣ ወረፋ ወር ይጠብቃል አለ። ርዕሴንም መልሶ ገረፈኝ። የደበቀህ ማነው፣ እንደውም ለአጎትህ በነጋታው ምስሉን በወረቀት አትመው ሰጧቸው አለኝ። እውነቱን ነው። ግን እንዲህ ሲነግሩህ አይጥምም።

8ኛው መልስ ከሐኪም ነው፣ እሳቸውም አዲስ አበባ ናቸው። የ7ኛውን ንዴት እንደሚረዱ ጽፈው ነገሩን ወደ ሌላ ወሰዱት። እሳቸው የሚያዩዋቸው የልብ ሕሙማን ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ናቸው። ጉሮሮ ታመው፣ ሳይታከሙ ቀርተው፣ ሕመሙ ወርዶ የልባቸውን በር ያበላሸባቸው። ለነሱ ከየትኛውም ብርሃን በፊት ጉሮሯቸው የሚታከምበት ፔኒሲሊን ነው የሚያስፈልገው። ግን ደግሞ ደረቱን ይዞ የሚመጣው የ50 ዓመት ሰውም እየበዛ ነው፤ ስኳሩ፣ ግፊቱ፣ መቀመጡ። ሁለቱም አሉብን፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም አሉ። ረጅም ነበር፣ አንድም ቃል አልከበደኝም።

9ኛው የኔ ነው። ማንበብ አያስፈልጋችሁም። 7ኛውን ቅናተኛ አልኩት። በኋላ አጠፋሁት፤ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

10ኛው ነርሷ ተመለሰች። እኔን ጠቅሳ አልገሠጸችኝም፤ ዝም ብላ ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ጻፈች። እንደዚህ አድርጎ የነገረኝ የለም። ብርሃኑ ደም ውስጥ አያይም። ቀይ ሕዋሳቱ ይበትኑታል፤ ጭጋግ ውስጥ መብራት እንደማብራት ነው። ስለዚህ ደሙ ለጥቂት ሰከንድ መታጠብ አለበት። ገመዱ ከታመመው ቦታ አልፎ ይቀመጣል። ሐኪሙ ተዘጋጁ ይላል፣ ሁሉም እጁን ይሰበስባል። ቀለሙ በኃይል ይገፋል፣ ደሙ ይጠረጋል፣ ገመዱ እየተሽከረከረ በራሱ ወደ ኋላ ይጎተታል። ሁለት ሦስት ሰከንድ፤ አምስት፣ ሰባት ሴንቲ ሜትር። አለቀ። ሕመምተኛው ደረቱ ላይ ትንሽ ሙቀት ይሰማው ይሆናል፣ አንዳንዱ ምንም። ስክሪኑ ላይ ግን በመቶ የሚቆጠሩ ክቦች ተደርድረዋል፤ እንደ ተቆራረጠ ዳቦ አንዱን ከአንዱ እያገላበጥክ ታያለህ። አንዳንዴ ቀለሙ በደንብ ሳይገፋ ይቀርና ደሙ ተመልሶ ምስሉን ያጠፋዋል። ያኔ ሐኪሙ ያጉረመርማል፣ ይደገማል። ሲደገም ቀለሙም ይደገማል።

(የዳቦዋን ነገር ለጋሼ አነበብኩላቸው። እኔም ብያለሁ አሉ።)

ቀለሙ ይደገማል የሚለው ቃል 11ኛውን አመጣ። እናቱ ኩላሊታቸው ደካማ ነበር፣ ስኳርም ነበረባቸው። ምርመራ አድርገው ሲመለሱ ኩላሊታቸው ተባብሶ ሳምንት ተኙ። የቀለሙ ጥፋት ይሁን የሌላ፣ ማንም እርግጡን አልነገረውም። ግን ብርሃን ብርሃን ለምንለው ሁሉ ይሄንንም አስቡ አለ። ነርሷ እዚያው ሥር አጠር አድርጋ፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ብዙ ጊዜ አልትራሳውንዱ እንደሚመረጥ ጻፈች። ደም መታጠብ አይፈልግም፤ ጠለቅ ብሎም ያያል። የብርሃኑ አቅም አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው።

እዚህ ጋ የኔ 50 ያለፈው ሁሉ ይታይ የሚለው ሐሳብ መንገዳገድ ጀመረ። ልብ ውስጥ ካቴተር ሳይገባ ይህ ብርሃን አይገባም። ደህና ሰው ልቡ ውስጥ ሽቦ ይግባ ማለቴ ነበር ለካ።

12ኛው ላቦራቶሪ የሚሠራ ነው፣ ስቶክሆልም። በድንገት ከሞቱ ሰዎች የተወሰደ ደም ሥር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ስለሚገኘው ነገር ጻፈ። ቅባቱ ግድግዳው ውስጥ ተጠራቅሞ በላዩ ላይ ስስ ሽፋን አለ። የተቀደዱት ሽፋኖች ሲለኩ አብዛኞቹ ከ65 ማይክሮን በታች ሆነው ተገኙ። ከአንድ ፀጉር የሚሳሱ ናቸው። ኤክስሬዩ ይሄን አያይም፣ አልትራሳውንዱም አያይም። ብርሃኑ ግን ያየዋል፤ ሐኪሞቹ የተሳቡበት ለዚህ ነው። አነባበቡንም አስተማረን። ብሩህ ሆኖ ወጥ የሆነው ጅማታም ግድግዳ ነው። የጠቆረ ቦታ ጠርዙ ከደበዘዘ ቅባት ነው። የጠቆረ ቦታ ጠርዙ በእርሳስ የተሰመረ ከመሰለ ካልሲየም ነው። ቀይ የረጋ ደም ከኋላው ጥላ ይጥላል፤ ነጩ እምብዛም አይጥልም። የጋሼን ወረቀት አውጥቼ አየሁ። ከተገነጠለችው ቆዳ ጎን ጠርዙ የደበዘዘ ጥቁረት አለ። ቅባት። ሰው የራሱን አጎት ግድግዳ ማንበብ ሲጀምር ደስ አይልም።

13ኛው ታዲያ ይሄ የሲኒ አተላ ከማንበብ በምን ይለያል አለ። ቀልዱ ነው። ግን ወሬው ከዚህ ወዲያ ከእጄ ወጣ።

14ኛው ሲኒውን ይዞ ወደ ምግብ ገባ፤ የሚጾም ሰው ይሄ ሁሉ አያገኘውም ብሎ። በዓመት ከ180 ቀን በላይ ቅቤና ሥጋ የማይነካ ሕዝብ ከየት የመጣ ቅባት ነው አለ። 15ኛው በጾም የሚበላው ሽሮ በምን ዘይት እንደሚሠራ ጠየቀው። የሚረጋው ዘይት ከሆነ ግማሽ አካባቢው የረጋ ቅባት ነው፤ ቅቤውን በበር አስወጥተህ በመስኮት አስገባኸው አለው። 16ኛው በመካከል ገብቶ ስለ ኑግ ዘይት ድሮ እናቱ ቤት እንዴት ይሸት እንደነበር ሦስት አንቀጽ ጻፈ። ከልቡ ነው የጻፈው፣ ከልብ ደም ሥር ጋር ግን ምንም አያገናኘውም። ብዙ ላይክ ያገኘው እሱ ነው። 17ኛው ደግሞ 14ኛውን በሃይማኖት መጣብኝ ብሎ ተቆጣ፤ 14ኛው ግን የሚጾመው ወገን ነበር። አላነበበውም ማለት ነው።

18ኛው ሁሉንም ወደ ቦታው መለሰ። ስለታም ነው፣ ማን እንደሆነ አልተናገረም። በብርሃን ማየት አንድ ነገር ነው፣ ያየኸው ሰው ማትረፉ ሌላ ነገር ነው፤ ቁጥር አምጡ አለ። ራሱ አመጣው። በ2023 ኢሉሚየን 4 የሚባል ጥናት ወጣ። 2,487 ሕሙማን። ግማሾቹ ስቴንታቸው በኦሲቲ እየታየ፣ ግማሾቹ በአንጂዮግራም ብቻ ገባላቸው። በብርሃኑ የገባው ስቴንት ሰፋ ብሎ ተገኘ። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያው ደም ሥር ምክንያት ችግር የደረሰባቸው በብርሃኑ 7.4 በመቶ፣ በአንጂዮግራም ብቻ 8.2 በመቶ ነው፤ ልዩነት አለ የሚያሰኝ አይደለም። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ አሸንፎኝ ነበር። ሐቀኛ ሰው ስለሆነ ቀጠለ። ስቴንት ውስጥ ደም መርጋት 0.5 በመቶ ከ1.4 በመቶ ሆኗል፣ ይህ ቀላል አይደለም። በዚያው ዓመት የወጣው ኦክቶበር የተባለው ጥናት ደግሞ ደም ሥሩ ሁለት የሚሆንበትን አስቸጋሪ ቦታ ነው ያየው። 1,201 ሰው ነበር። እዚያ ብርሃኑ ግልጽ ጥቅም ሰጠ፤ ችግር የደረሰባቸው 10.1 በመቶ ከ14.1 በመቶ ነው። ለአስቸጋሪ ቦታ ይጠቅማል፣ ለሁሉም ሰው በጅምላ አይደለም፤ አንተ ግን ለጤነኛውም ትለናለህ አለኝ። ጨምሮም፣ ስስ ሽፋን ማየት መቼ እንደሚቀደድ ማወቅ እንዳልሆነ ጻፈ። ስንቱ ተቀድዶ ባለቤቱ ሳያውቅ ይድናል።

ይሄ መልስ ነው ርዕሱን እንድቀይር ያደረገኝ። አነጋገሩ ግን ምራቅ የተተፋበት ያህል ነበር፤ አላዋቂ የሚለውን ቃል ሁለቴ ተጠቅሟል። 19ኛው የመድረኩ አወያይ ነው። ለ18ኛው፣ ለ17ኛው እና፣ አዎ፣ ለኔም ማስጠንቀቂያ ሰጠ።

20ኛዋ ከእስራኤል ነው የጻፈችው፣ ኔታንያ። የዓይን ክሊኒክ ረዳት ናት። እናንተ ልብ ውስጥ ሽቦ ትከታላችሁ፣ እኛ ደም ሥር በየቀኑ ሳንቆርጥ እናያለን አለች። እውነቷን ነው። የሰው ደም ሥር ምንም ሳይከፈት ፊት ለፊት የሚታይበት ቦታ የዓይን ጀርባ ነው። ሄልምሆልትዝ መመልከቻውን ከሠራ ከ1851 ጀምሮ ይታያል። መነጽር ሊለካ የመጣ ሰው ዓይኑ ጀርባ ደም ሲፈስ ተገኝቶ፣ ግፊቱ ሲለካ ሰማይ ነክቶ፣ ከዚያው ወደ ድንገተኛ የላኩት እንዳለ አጫወተችን። ሰውየው ለመነጽሩ የከፈለውን ገንዘብ አስመልሱልኝ እያለ ነበር የሄደው።

ከዚያ ስለ አንድ ጃፓናዊ ጻፈች። ሚኪቶ ታካያሱ ይባላል፣ የዓይን ሐኪም ነው። የአንዲት ወጣት ሴት ዓይን ጀርባ ላይ ደም ሥሮች ነርቩን እንደ አክሊል ከበውት አየ። ምን እንደሆነ አላወቀም። በ1908 ስብሰባ ላይ አቀረበው። እዚያው የነበሩ ሁለት ሐኪሞች ተነስተው እነሱም እንዲህ ያሉ ሴቶች እንዳዩ፣ የሴቶቹ የእጅ ትርታ ግን እንደማይገኝ ተናገሩ። ዓይን ላይ የታየው ከልብ የሚወጡት ትላልቅ ደም ሥሮች ግድግዳቸው ተቆጥቶ የመጥበቡ ምልክት ነበር። በሽታው እስከዛሬ በሱ ስም ይጠራል። እኔ ይሄን ሳነብ የታየኝ የኛው ውይይት ነው፤ አንዱ ይለጥፋል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው የጎደለውን ይሞላሉ።

21ኛው የኮምፒውተር ሰው ነው፣ መድረኩ ላይ ሁሌም አንድ አይጠፋም። በ2018 የጉግል ተመራማሪዎች በወጣው ጥናታቸው፣ ከዓይን ጀርባ ፎቶ ብቻ ኮምፒውተር የሰውየውን ዕድሜ፣ ጾታ፣ ማጨስ አለማጨሱን፣ ግፊቱንም መገመት እንደቻለ ጻፈ። ዓይን ሐኪም ጾታን ከዚያ ፎቶ መለየት አይችልም። የልብ ሐኪም በቅርቡ ሥራ ይፈታል ብሎ ደመደመ። እንደዚያ እንኳ አይመስለኝም።

22ኛው ቶሎ ያዘው። ያ ኮምፒውተር የተማረው በማን ዓይን ነው? ፎቶዎቹ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ የኛ ሰው ስንት አለበት? ከዚያ ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ አነሳ። እሱም በብርሃን ነው የሚሠራው። በ2020 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ መሣሪያው ደህና ነው እያለ ደማቸው ውስጥ ኦክስጅን ያነሰባቸው ጥቁር ሕሙማን ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነው ተገኙ። በብርሃን የሚሠራ ዕቃ ሁሉ የኛን ቆዳ አያውቅም አለ። ምሬቱ የተገባ ነው። 23ኛዋ፣ ነርሷ፣ ግማሹን ተቀበለች፣ ግማሹን አረመች። የጣቱ መሣሪያ ቆዳን አልፎ ነው የሚያየው፤ ቀለሙ ያለው እዚያ ነው። የልቡ ብርሃን ግን ከውስጥ ነው የሚበራው። ደም ሥር ውስጥ ሁላችንም አንድ መልክ ነን አለች። ዓይን ጀርባ ግን ቀለም አለው፤ ስለዚህ ስለ 21ኛው ያልከው ጥያቄ ይቆይ አለችው።

24ኛው መልስ ሌሊት ነው የመጣው። ከባሕረ ሰላጤው አገር፣ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። 26 ዓመቷ። ፊደል ትገድፋለች፣ በችኮላ ነው የጻፈችው። ይቅርታ ጠይቃ ጀመረች፤ ርዕሱ የሷ እንዳልሆነ ታውቃለች። 20ኛዋ የጻፈችውን አንብባ ነው። ልብስ ስታሰጣ ግራ እጇ ይዝላል። ሁለት ሦስት ልብስ ካንጠለጠለች በኋላ እጇን አውርዳ ማሳረፍ አለባት። ባለፈው ጤና ምርመራ ላይ መሣሪያው በግራ እጇ ግፊቷን ሊለካ አልቻለም፤ እዚያ ያለችው ነርስ ማሽኑ ተበላሽቷል ብላ በቀኙ ለካች። የእጅ ትርታ አይገኝም ማለት ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀች። የት ላይ ነው የሚነካው?

ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም። ስለ ዘይት የተጣሉት እንኳ ዝም አሉ።

25ኛው የአዲስ አበባው ሐኪም ናቸው። እህቴ ብለው ጀመሩ። በመጀመሪያ አትደንግጪ፣ እጅ የሚያዝልበት ምክንያት ብዙ ነው አሉ። ከዚያ ሦስት ጣቷን አውራ ጣቷ ሥር፣ አንጓዋ ላይ፣ በየትኛው በኩል እንደምታሳርፍ፣ ሁለቱንም እጅ እንድታነጻጽር በዝርዝር ጻፉላት። ማሽኑ ተበላሽቷል የሚለውን እንዳትቀበል፤ በሁለቱም እጅ ይለካልኝ ብላ እንድትጠይቅ፣ ልዩነት ካለ የአንገትና የእጅ ደም ሥር በአልትራሳውንድ እንዲታይላት። ለዚህ እኛ ስንጨቃጨቅበት የከረምነው ብርሃን አያስፈልግም፤ እነዚያ ደም ሥሮች ትልልቅ ናቸው። የምትነግሪያቸውን በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ጽፈን እንስጥሽ አሉ። ዓረብኛውን የጻፈው 7ኛው ነው። ያ የተሳደብኩት ሰው። ለካ አሥር ዓመት ጅዳ ኖሯል።

26ኛው የሷ ነው፣ አንድ መስመር። በቀኝ አገኘሁት፣ በግራ አላገኘሁትም፣ አሠሪዬ ዓርብ ሂጂ ብላኛለች።

ዛሬ ዓርብ ነው። ጋሼ ቤቴ ናቸው፤ እስኪያገግሙ ሥራ የለም። ስለራሳቸው ስቴንት አንድም ጥያቄ የላቸውም፤ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ፣ ሲጋራውን ትተዋል፣ ድፎ ዳቦዋ ጃኬታቸው ውስጥ ናት። ከጠዋት ጀምሮ የሚጠይቁኝ ያቺ ልጅ ጻፈች ወይ ብለው ብቻ ነው። ሰለቸኝና ስልኩን ሰጠኋቸው። አዲስ መልስ መኖሩን ለማየት ገጹን በአውራ ጣት ወደ ታች መጎተት ነው አልኳቸው። ሶፋው ላይ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ይጎትታሉ። ያያሉ። ትንሽ ቆይተው እንደገና ይጎትታሉ።